ልዕልት ሆድ የላትም ላሉት ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለተከበሩ የልጆች ቴአትር ቤታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤ ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የተደላደለ፣ እንቅልፍዎም ስብሰባ ላይ እንደሚወስድዎ ዓይነት ጣፋጭ ይሆንልዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በቴአትር ቤትዎ ምድር ቤት፣ ከቧንቧው ክፍል ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተዋንያን ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሠራተኛዎ ነኝ። ስሜን ላያውቁት ይችላሉና ላስቸግርዎ አልፈልግም፤ ሰዉ «እትዬ መርፌ» ይለኛል፣ እርስዎ ደግሞ ሲፈልጉኝ «ያቺን ሴትዮ ጥሩልኝ» ይላሉ፤ በሁለቱም እመጣለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ ምክንያቴን ላስረዳ። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ በታሸገ ፖስታ ጽፌልዎ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ፣ ክቡርነትዎ ስለ ሴት ልጆች መብት የሚያደርጉትን ንግግር እያዘጋጁ ስለሆነ ለሴት ሠራተኛ ደብዳቤ ጊዜ እንደሌለዎ በትሕትና ነግራ መልሳልኛለች። ስለዚህ አንዱን ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ከፎቶግራፍዎ ሥር ለጥፌ፣ ሌላውን ለጋዜጣ ሰጥቻለሁ። ቅሬታዬን በቁጥር ያስቀመጥኩትም ቁጥር የሌለው ነገር እንደማያነቡ ራስዎ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ስለነገሩን ነው።

፩ኛ፦ ስለ ተረቱ ባለቤትነት።

ከሦስት ዓመት በፊት ቴአትር ቤታችን የሚያሳየው ተረት ሁሉ የአንድ እናት ልጅ ነበር። ልዕልቲቱ ትተኛለች፣ ወይም ታለቅሳለች፣ ወይም መስኮት ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ታበጥራለች፤ ልዑሉ መጥቶ ሲያድናት ይጨበጨባል፣ መጋረጃ ይዘጋል። እነዚያን ልዕልቶች ሁሉ ስምንት ዓመት የተጫወተችው አንዲት ተዋናይት ናት፤ እኛ ልዕልት ብለን የምንጠራት፣ እርስዎ ደግሞ በደብዳቤዎ «ግለሰቧ» ብለው ያከበሯት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የሚተኮስ ቀሚስ ይዛ ወደ ክፍሌ መጣችና፣ መድረክ ላይ ከመተኛት ብዛት ወገቧን እንደሚያማት ነገረችን። ነገረችን የምለው ጋሼ ዘንዶም ምሳቸውን እኔ ዘንድ ይበሉ ስለነበር ነው። ጋሼ ዘንዶ፣ ምናልባት በዚህ ስም ካላወቋቸው፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዘንዶነት፣ በጅብነትና በክፉ ንጉሥነት ያገለገሉዎ፣ አንደኛው ጉልበታቸው ከደረጃ ጋር የተጣላ አንጋፋ ተዋናይ ናቸው።

«እንግዲህ የምትቀጥለዋ ልዕልት ባትተኛስ?» አለች ልዕልት፣ እንደ ቀልድ።

ከዚያች ቀልድ ተነስተው፣ ምሳ ሰዓት በመጣ ቁጥር በልብስ ንድፍ ወረቀቴ ጀርባ ላይ እየጻፉና እየሰረዙ፣ አዲስ ተረት አወጡ። በእነሱም ተረት ንጉሡ እንደ ወጉ፣ ዘንዶውን ለገደለ ሰው ልጄንና ግማሽ መንግሥቴን እሰጣለሁ ብሎ ያውጃል። ልጅቱ ከመቀመጫዋ ትነሳና ከግማሹ መንግሥት ጋር እሷን የደመራት ማን እንደሆነ አባቷን ትጠይቃለች፤ መልስ ስታጣ ራሷ የጦር ልብስ፣ ጥሩር ለብሳ፣ ሰይፍ ታጥቃ ትሄዳለች። ልዑሉ ደግሞ ደም ሲያይ የሚያዞረው፣ ሕፃን በማባበል ግን እኩያ የማይገኝለት ደግ ልጅ ነውና፣ ከዘንዶው የሸሹትን እናቶች ልጆች ሰብስቦ አንዱን አዝሎ ሌላውን እያጫወተ ቤተ መንግሥቱን ይጠብቃል። ዘንዶው ይሞታል። ሠርግ የለም። ልዕልቲቱም ግማሽ መንግሥቷን ተረክባ መንገድ ታሠራበታለች።

ክቡርነትዎ ይህን ያነበቡ ዕለት ያሉትን አልረሳሁም። ልዑል ሕፃን አዝሎ መድረክ ላይ ከወጣ ወንዶች ልጆቻችን ምን ሆነው ሊያድጉ ነው ብለው፣ ጽሑፉን መሳቢያዎ ውስጥ ቆልፈው ሰባት ወር አስቀመጡት። በስምንተኛው ወር አንድ የበላይ ኃላፊ ከእርስዎ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆነው፣ የቆየውን የወንድና የሴት ልማድ የሚገለብጡ ዘመናዊ ተረቶች ያስፈልጉናል ብለው ተናገሩ። በማግስቱ ጠዋት መሳቢያው ተከፈተ። በሳምንቱ በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ «ሐሳብ፣ ድርሰትና ዝግጅት» ይልና የእርስዎን ስም ያስከትላል።

በዚህ አልፈርድብዎትም። ዶሮ የዳክዬ እንቁላል ታቅፋ ብታስፈለፍል ልጆቼ ናቸው ማለቷ አይገርምም። እርስዎ ግን፣ ቃሉን ይቅር ይበሉኝና፣ አልታቀፉትም፤ ተቀመጡበት እንጂ።

፪ኛ፦ ስለ ልብስ መቀየሪያው ክፍል።

ተረቱ መታየት በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ «ሴቶች በልጆች ቴአትር ያላቸው ቦታ» በሚል ርዕስ ላዘጋጁት ውይይት አርባ ባለ ስፖንጅ ወንበሮች መጡ። ውይይቱ ሲያልቅ ወንበሮቹ ማረፊያ አጡ፤ የሴቶቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ተፈልጎ ተሰጣቸው። ሴቶች በልጆች ቴአትር ያላቸው ቦታ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመተኮሻ ጠረጴዛዬ ጀርባ ያለችው ጥግ ሆነች። የወንዶቹ ክፍል መስታወቱም ቁልፉም እንዳለ ነው። ልዕልቲቱ ዘንዶ ልትገድል ከመውጣቷ በፊት አንዷ አንሶላ ትዘረጋላታለች፣ ሌላዋ የመብራት ሠራተኛው ሳያስበው እንዳይገባ በሩን ትይዛለች። ወንበሮቹ ግን ተመችቷቸዋል። አልፎ አልፎ አቧራቸውን ስለማራግፍላቸው አውቃለሁ።

፫ኛ፦ ስለ ሆድ።

ተረቱ ተወደደ። ሴቶች ልጆች ከመድረኩ ሥር እየመጡ ሰይፏን እንንካ ይሉ ነበር፤ አንድ ቀንማ አንድ ትንሽ ልጅ ልዑሉን ይዞ ሕፃን ሲታዘል እግሩ በየት በኩል እንደሚወጣ ሲጠይቀው ሰማሁ። ወንዶች ልጆቻችን ምን ሆነው ሊያድጉ ነው ላሉት ጥያቄዎ መልስ እንዲሆንዎ ነው የምነግርዎ፤ አባት ሊሆኑ ነው።

ተረቱ በታየ በስድስተኛው ወር ሜትሬን ወገቧ ላይ ሳዞር ሁለት ጣት ጎደለኝ። ሜትር አይዋሽም፣ ሰውም አያማም። ቀና ብዬ ሳያት ሳቀች። ሐኪሟ ሥራዋን እንድትቀጥል እንደፈቀደላት፣ የከለከላትም ከመድረኩ ዐለት ላይ የምትዘልበትን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። የዝላዩን ነገር ጋሼ ዘንዶ መላ አበጁለት፤ እሷ ከምትዘል እሳቸው ወደ ኋላ እየተንደረደሩ ይወድቁ ጀመር፣ ያውም በዚያ ጉልበታቸው። እኔም ከካርቶንና ከብርማ ጨርቅ የሠራሁትን ጥሩር በግራና በቀኝ ፈትቼ ላስቲክ አስገባሁበት። አሥር ሳምንት ያህል ከፊት ወንበር የተቀመጠ አንድም ልጅ፣ አንድም አስተማሪ የታዘበው ነገር የለም። እንዲያውም ሰይፉን ስታነሳ ከቀድሞው ይልቅ ግርማ ነበራት።

እርስዎ ግን ታዘቡ። ያስጠሯት ቀን እኔ ለቢሮዎ አዲስ መጋረጃ ልለካ መሰላል ላይ ወጥቼ ነበር። መሰላል ላይ ያለ ሠራተኛ ዕቃ ነውና አላዩኝም።

«የኔ ልጅ» አሏት፤ ድምፅዎ በሬዲዮ እንደምንሰማው ለስላሳ ነበር። «ልዕልት እኮ ነሽ። ልዕልት ሆድ የላትም።»

«ዘንዶውን የምገድለው በሆዴ ነው እንዴ?» አለችዎ፣ ዝግ ብላ።

ከዚያ በኋላ ያስረዷትን ሁሉ እዚህ ብዘረዝረው የአንባቢን ሆድ ማወክ ይሆንብኛል። የተከበሩ እንግዶች ሊመጡ መሆኑን፣ ፎቶግራፍ እንደሚነሳ፣ ተረቱ ዘመናዊ ቢሆንም ጨዋነት እንዳለው፣ ልጆችም ሆድ ያላት ልዕልት ቢያዩ አባትየው የት አለ ብለው እንደሚጠይቁ ነገሯት። እሷ ለተመልካች በሚታደለው ወረቀት ላይ «ሴት ልጅ የማትችለው የለም» ብለው በፊርማዎ መጻፍዎን ስታስታውስዎ፣ እሱ የተጻፈው ለተመልካቾች መሆኑን በትዕግሥት አስረዷት። እንዲህ ያለ ቅንነት ከስንት አለቃ ይገኛል? አመሰግናለሁ።

እኔ በዚያች ሰዓት ከመሰላሉ ወርጄ አንድ ቃል መተንፈስ ነበረብኝ። አልተነፈስኩም። የመስኮትዎን ቁመት ሁለት ሜትር ከሃያ ብዬ ጻፍኩ።

፬ኛ፦ ስለ ባሏ።

በማግስቱ «ለጤንነቷ በማሰብ» ወደ ትኬት መስኮት እንድትዛወር ደብዳቤ ሰጧት። ጤነኛ እንደሆነች ገልጻ፣ የሐኪሟን ወረቀት አያይዛ፣ በአክብሮት መለሰችልዎ። ክቡርነትዎም ከአንዲት ሴት ጋር መጻጻፉ እንደማያዋጣ ሲገባዎት ባሏን አስጠሩ።

ባሏ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው። ከአምስት ቀን መንገድ ገና መግባቱ ነበር፤ ዘይት ያልለቀቀው እጁን በሱሪው እየጠረገ ደረጃውን ሲወጣ አይቼዋለሁ፣ አንድ ነገር ደርሶባት የተጠራ መስሎት ፊቱ አመድ ለብሶ ነበር። እርስዎ አስቀምጠው፣ ውኃ አስቀርበው፣ ወንድ ለወንድ እንነጋገር ብለው ሚስቱን እንዲመክርልዎ ጠየቁት። ሰውየው እስከ መጨረሻው እንዳዳመጠዎ ጸሐፊዎ ነግራኛለች። ከዚያም ተነስቶ፣ «እኔ እዚህ አልተቀጠርኩም፤ የቀጠሯትን ራሷን ያነጋግሩ» ብሎ ወጣ። ውኃውን አልጠጣም።

በተረቱ ውስጥ ያለው ንጉሥ እንኳ ልጁን ለማንም ከመስጠቱ በፊት አዋጅ ያስነግራል። እርስዎ በሩን ዘግተው ነው የጨረሱት። በዚያው ሳምንት ተዋናይቷ ከሥራ ተሰናበተች፤ ከግቢም እንዳትገባ ለጥበቃ ትእዛዝ ተሰጠ።

፭ኛ፦ ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው፤ ሰሚ ስላጣሁለት ከእርስዎ ጋር ደባልቄ አቅርቤዋለሁ።

እንግዶቹ የሚመጡበት ቅዳሜ ጠዋት፣ ልዕልቷን እንድትተካ የተመረጠችው ከትምህርት ቤት ከወጣች ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። እስከዚያ ቀን ድረስ ጫካው ውስጥ ቅርንጫፍ ይዛ ስለምትቆም ሦስተኛዋ ዛፍ እንላት ነበር። ቀጭን ናት። ጥሩሩ ይሰፋት ነበርና እንዳጠበው ታዘዝኩ። ያስገባሁትን ላስቲክ አወጣሁ፣ ጎኖቹን ቆርጬ መልሼ ሰፋሁ። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ልጅቷ እጆቿን ወደ ላይ አንስታ ቆማ እንባዋ ሜትሬ ላይ ይንጠባጠባል።

«እትዬ፣ እምቢ ብል ምን ያደርጉኛል?» አለችኝ።

አልመለስኩላትም። አፌ ውስጥ ስፒል ነበር፤ ባይኖርም አልመልስላትም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት በሠራ እጅ የአንዲት ሴትን ቦታ ቆርጬ በክር ዘጋሁ፣ ስፌቱም ያማረ ሆኖ ወጣ፤ ያቅለሸለሸኝም ማማሩ ነው። ያን ዕለት እጄን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠብሁ። በእርስዎ የተነሳ ብዙ ነገር ተጸይፌያለሁ፤ የገዛ እጄን የተጸየፍኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚህ ወዲያ ያለውን በቁጥር ልከፋፍለው ሞክሬ አልሆነልኝም። ቁጥር ባይኖረውም እንዲያነቡት እለምናለሁ።

በዚያው ቅዳሜ ጠዋት ልዕልት የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ልትወስድ በቀጠሮ መጥታ ነበር። እንግዶች እስኪወጡ ከበር ውጭ ትቆይ የሚል ትእዛዝ ስላስተላለፉ፣ ጥበቃው እያፈረ መንገድ ላይ አስቀራት፤ የራሱን በርጩማ አውጥቶ ግን በግድግዳው ጥላ ሥር አስቀመጣት። ጋሼ ዘንዶ ሲገቡ አይተዋታል። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ወደ ክፍሌ ሲመጡ ግን ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም፤ የዘንዶውን ቆዳ አጥልቀው፣ ጭንቅላቱን ብብታቸው ሥር ይዘው፣ ግድግዳውን እያዩ ተቀመጡ።

አዳራሹ ከአራት ትምህርት ቤት በመጡ ልጆች ሞልቶ ነበር። እርስዎ ከፊት ረድፍ፣ ከእንግዶቹ መካከል ተቀምጠው ነበር፤ ከመጀመሩም በፊት ተረት የሕዝብ አእምሮ መስታወት ስለመሆኑ ተናገሩ። እኔ ከመጋረጃው ጎን፣ መርፌና ክር ይዤ እንደ ወትሮዬ ቆሜያለሁ። ሦስተኛዋ ዛፍ ምስኪን የቻለችውን ያህል ጥሩ ተጫወተች። ንጉሡን ጠየቀችው፣ ጥሩሩን ለበሰች፣ ተራራውን ወጣች፣ ዘንዶውን ወጋችው።

ዘንዶው አልወደቀም።

ደግማ ወጋችው። ልጆቹ ሳቁ። ጋሼ ዘንዶ ቀስ ብለው፣ ያን ጉልበታቸውን እያስታመሙ፣ ከጂፕሰም የተሠራው ዐለት ላይ ተቀመጡና የዘንዶውን ጭንቅላት ከራሳቸው አወለቁ። ነጭ ጸጉራቸው በላብ ተጣብቋል።

«ልጆች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። «እኔን የምትገድለው ልዕልት ይቺ አይደለችም። ይቺም ጎበዝ ናት፣ ጥፋትም የለባት። የእኔዋ ግን ልጅ ስላረገዘች አትገቢም ተብላ በር ላይ ቁጭ ብላለች። እሷ እስክትገባ መሞት አልችልም።»

ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት ልጅ ተነስታ ማን እንደከለከላት ጠየቀች። ጋሼ ዘንዶ ወደ ማንም ጣታቸውን አልቀሰሩም፤ ይህን ጨዋነታቸውን ቢያንስ ይመስክሩላቸው። ሦስተኛዋ ዛፍ ግን የራስ ቁሯን አውልቃ፣ ሰይፏን ዐለቱ ላይ አስቀምጣ፣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ከዚያም ክቡርነትዎ ተነሱ። መጋረጃው እንዲዘጋ አዘዙ፣ ተዘጋም። ልጆቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፤ መጨረሻውን እየጠበቁ ነበር። ያኔ እርስዎ፣ ሰው በሕይወቱ አንዴ ብቻ የሚያየውን ነገር አሳዩን፤ ከመጋረጃው ፊት ወጥተው፣ ከረባትዎን አስተካክለው፣ ለሦስት መቶ ልጆች «ዘንዶው ሞቷል፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አሏቸው።

ልጆቹ አልሞተም አሉ። ሁሉም ባንድ ድምፅ፣ ያለ ክፋት፣ የሒሳብ ስህተት እንደሚያርሙ ሆነው። አይተውት ነበራ።

አስተማሪዎቹ በሰልፍ አወጧቸው። እኔም መርፌና ክሬን እንደያዝኩ ተከትዬ ወጣሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ምድር ቤት መግባት ስላስጠላኝ ይመስለኛል። ሰልፉ በበሩ በኩል ሲያልፍ ልዕልት ከበርጩማዋ ላይ ተነስታ ቆመች። ልጆቹ እያዩዋት አለፉ። ያቺ የሁለተኛው ረድፍ ልጅ ከሰልፉ ወጥታ ሆዷን አየች፣ ፊቷን አየችና፣ ልዕልቷ አንቺ ነሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ልዕልት እኔ ነኝ አለቻት።

«ዘንዶው እየጠበቀሽ ነው» አለቻት ልጅቷ፣ መልእክት እንደሚያደርስ ሰው፣ ወደ ሰልፏም ተመለሰች።

ልዕልት እስከዚያ ሰዓት ድረስ አላለቀሰችም ነበር።

የሆነውን ተከትሎ የተወሰዱትን እርምጃዎች በደንብ ያውቋቸዋል፤ ራስዎ ነዎት የወሰዷቸው። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አምስት አባላቱ በሙሉ ወንዶች ሆነው «የሴቶችን ክብር የሚነካ ድርጊት በመድረክ ላይ ስለመፈጸሙ» መረመሩ። ጋሼ ዘንዶ አልሞትም በማለታቸው ሊቀጡ ስለማይችሉ በዲሲፕሊን ጥሰት ጡረታ ወጡ። ሦስተኛዋ ዛፍ ማስጠንቀቂያ ተጻፈባትና ወደ ዛፍነቷ ተመለሰች። ለእኔ ደግሞ የቃል ተግሣጽ ተሰጠኝ፤ ጥፋቴ ከመጋረጃው ጎን ቆሜ ፈገግ ማለቴ ነው። እውነት ነው፣ ፈገግ ብያለሁ።

ልዕልት ጉዳይዋን ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ወሰደች። ልጇን ወልዳ፣ ሴት ልጅ ናት፣ አራተኛ ወሯን ስታስቆጥር ውሳኔው ወጣ፤ ወደ ቀድሞ ሥራዋ ትመለስ ተባለ። እንደ ሕግ አክባሪነትዎ የቀድሞ ሥራዋን በጥንቃቄ ፈልገው አገኙላት፤ መተኛት። ተረቱ «ሚዛናዊ እንዲሆን» ተሻሻለ። አሁን ልዕልቲቱ ጥሩሯን ለብሳ ወደ ተራራው ትሄድና መንገድ ላይ ይደክማታል፤ አንድ ሙሉ ክፍል ዛፍ ሥር ትተኛለች፤ ዘንዶውን ልዑሉ ይገድለዋል፤ ሕፃናቱን ማን እንደሚጠብቅ አይነገርም፤ ሠርጉ ግን ረዘም ብሏል። ማስታወቂያው ላይ አሁንም «ዘመናዊ ተረት» የሚል አለ፣ ከስምዎ በላይ።

እንግዲህ የድሮው ተረት በድሮ ስሙ ቢቀጥል ኖሮ እኔም ባልተገረምኩ፤ እንደ ለመድኩት የእንቅልፍ ልብስ እየሰፋሁ ጡረታዬን በጠበቅሁ ነበር። የሚያንገሸግሸኝ ይህ ነው፤ አዲሱን ገድለው፣ ቆዳውን ገፈው፣ አሮጌውን አልብሰው አዲስ ነው ብለው ለልጅ ማሳየትዎ። የሞተ ነገር ሽታ በብርማ ጨርቅ አይሸፈንም። ጨርቁን የማውቀው እኔ ነኝ።

ልዕልት አዲሱን ጽሑፍ ልጇን ደረቷ ላይ ታቅፋ ክፍሌ ውስጥ ቁጭ ብላ አንብባ ጨረሰች። አልተቆጣችም። ከልብስ ንድፍ ወረቀቴ ጥግ ላይ ቀድዳ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ጻፈች። ጠረጴዛዎ ላይ ደርሶዎታል፤ ስድብ ነው ብለው ለኮሚቴው እንደመሩትም ሰምቻለሁ። ሦስት ቃል ብቻ ነበር፤ «ክቡርነትዎ፣ እንቅልፌ አልመጣም» ይላል።

አሁን ልዕልትና ጋሼ ዘንዶ በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ፣ በደረጃው ላይ፣ ያለ መጋረጃና ያለ መብራት ተረቱን ያሳያሉ። ጋሼ ዘንዶ ቁጭ ብለው ነው የሚሞቱት፤ ልጆቹ ቅር አላላቸውም። ሾፌሩ ከመንገድ በተመለሰ ሐሙስ የልዑሉን ቦታ ተክቶ የገዛ ልጁን አዝሎ ይቆማል፤ የሚናገረው ነገር ስለሚጠፋው ልጆቹ ያስታውሱታል። ሦስተኛዋ ዛፍም ባለፈው ሳምንት ቅርንጫፏን ዕቃ ቤት አስረክባ ወደነሱ ሄዳለች። ጥሩሩን ቤቴ ባለው የስፌት መኪናዬ አዲስ አድርጌ ሰፋሁላት። ለልዕልቷ ማለቴ ነው። ወገቡን ሰፋ አድርጌ ተውኩት፤ ሴት ልጅ ቢያሻት ትበላለች፣ ቢያሻት ትወልዳለች፣ ቢያሻት ዝም ብላ ትወፍራለች።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በትናንትናው ዕለት በጸሐፊዎ በኩል ያዘዙኝን፣ አንድ ለልዑል የሚሆን ጥሩርና አንድ ባለ ዳንቴል የልዕልት የእንቅልፍ ልብስ፣ እንደማልሰፋ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ለጡረታዬ አሥራ አንድ ወር እንደሚቀረኝ ያስታወሱኝ ወዳጆች አሉ፤ አመሰግናቸዋለሁ። ከዚያ መሰላል ላይ መውረድ የነበረብኝ ያን ቀን ነው፤ ዘግይቼም ቢሆን ወርጃለሁ። ሰኞ ጠዋት የክፍሌን ቁልፍ፣ ሁለቱን መቀሶችና መተኮሻውን ለጥበቃው አስረክቤ እሄዳለሁ። ስፒሎቹን ቆጥረው ይረከቡኝ፤ አንዷ ከጎደለች አፌ ውስጥ ቀርታ ነው፣ አሁን ግን ተፍቻታለሁ።

የክቡርነትዎን ወንበር ምቾት፣ የንግግርዎን ርዝመትና የፎቶግራፍዎን ድምቀት ምን ጊዜም እየዘከርኩ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ከእግርዎ በታች ባለ ምድር ቤት የኖርኩ ከእግርዎ በታች ግን ያልሆንኩ፣ ታዛዥዎ የነበርኩ፣

እትዬ መርፌ
የልብስ ስፌት ክፍል

ሌላ የረሳሁት፦ ባለፉት ስድስት ዓመታት የክብር ሱሪዎን ወገብ አራት ጊዜ አስፍቻለሁ፤ የመጨረሻውን ጊዜ ከኋላ በኩል ቁራጭ ጨርቅ ጨምሬበት ነው፣ ኮትዎ ስለሚሸፍነው አይታይም። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ሁሉ አንድም ሰው ሆድዎን አይቶ፣ ሥራ አስኪያጅ ሆድ የለውም ብሎ ከወንበርዎ ያስነሳዎ የለም። አምስተኛውን የሚያሰፋልዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ፤ ሱሪው ቦታ አልተረፈውም።